ዱቄቱን ከመጠጣቴ በፊት መመርመር ነበረብኝ

ይሄን ፖስት ሶስቴ ጀምሬ ሶስቴ አጥፍቼዋለው። ወሬው ለወንድ አፍ ይከብዳል፣ ስለ ጨጓራውም ስለ ደም ግፊቱም ለማንም የሚያወራ ሰው ነገሩ ልጅ ስለመውለድ ሲሆን ዝም ይላል። ግን ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ደወለና ድምጹን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ፣ ያኔ ትጠጣው የነበረው ዱቄት ስሙ ምን ነበር?" አለኝ። እሱና ሚስቱ ከተጋቡ ሁለት አመት ሊሆናቸው ነው፣ ልጅ ግን አልመጣም። የዛን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም ምክንያቱም ዱቄቱ ስም አልነበረውም፣ አምስት ወር ሙሉ ጠጥቼው ምን እንደሆነ ዛሬም አላቀውም።

የኛ ታሪክ እንዲ ነው። እኔና ባለቤቴ አንድ አመት ከአራት ወር ሞከርን፣ አልሆነም። ከዛ ምርመራ ጀመርን ልል ነበር ግን እውነቱን ለመናገር የጀመረችው እሷ ናት። ደም ሰጠች፣ አልትራሳውንድ ታየች፣ ቱቦዋ ክፍት መሆኑን ለማየት በማህጸኗ ፈሳሽ እየጨመሩ ራጅ አነሷት፣ ስትወጣ ፊቷ እንዴት ገርጥቶ እንደነበር እስካሁን አይኔ ላይ አለ። ሁሉም ደህና ነው ተባለች። እኔ በዚ ሁሉ ጊዜ አንድም ምርመራ አላደረኩም፣ አንድ ኩባያ ላይ ናሙና ሰጥቶ መሄድ ነው እኮ፣ መርፌ እንኳን የለውም። እኔ ግን ዘመድ "ስንቱን አባት ያደረገ ነው" ብሎ የሰጠኝን ቡናማ ዱቄት ጠዋትና ማታ በሞቀ ውሃ እጠጣ ነበር። እሷ ስትመረመር እኔ እጠጣለው። ይሄን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

በመጨረሻ ስመረመር የስፐርም ቁጥሬ በአንድ ሚሊሊትር 6 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰው 18 ፐርሰንት ብቻ ሆኖ ወጣ። የአለም ጤና ድርጅት በ2021 (እዚ የምጽፋቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባወጣው የላብራቶሪ መመሪያ የታችኛው ወሰን በሚሊሊትር 16 ሚሊዮን ነው፣ የሚንቀሳቀሰው ደሞ 42 ፐርሰንት፣ ቅርጹ ትክክል የሆነው 4 ፐርሰንት። (አዎ 4 ብቻ፣ ብዙ ወንድ ወረቀቱ ላይ "ትክክለኛ ቅርጽ 5 ፐርሰንት" የሚል ሲያይ ይደነግጣል፣ 5 ግን ደህና ነው።) ከነዚህ ወሰኖች በታች መሆን መካን ነህ ማለት አይደለም፣ እድሉ ይቀንሳል ማለት ነው፣ ከወሰኑ በላይ መሆንም በራሱ ልጅ ይሆናል የሚል ዋስትና አይሰጥም።

ዶክተሩ ወረቀቱን ካዩ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ "የምትወስደው መድሃኒት አለ?" ነው። የለም አልኩ። ትንሽ ዝም ብለው "ቅጠልም ስርም ቢሆን?" አሉኝ። ያኔ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፣ "ምን እንዳለበት ካላወቅን ይረዳህ ይጉዳህ ማወቅ አንችልም፣ ለጊዜው አቁመው" አሉና ቆሜ በእጃቸው መረመሩኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቫሪኮሲል ነው፣ በዘር ፍሬው ዙሪያ ያሉት ደም ስሮች ተለጥጠው ደሙ ወደ ላይ በደንብ አይመለስም፣ ቦታው ይሞቃል። የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጪ የተንጠለጠለው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ ነው፣ ሲሞቅ ስፐርም ማምረቱ ይዳከማል። ቫሪኮሲል ከ100 ወንድ 15 ያህሉ ላይ ይገኛል፣ ልጅ አልሆን ብሏቸው ከሚመረመሩ ወንዶች ደሞ ከ100 ከ35 እስከ 40 ያህሉ ላይ። ማለትም ያልተለመደ ነገር አይደለም፣ እና የትኛውም ዱቄት የተለጠጠ ደም ስር አይመልስም። አምስት ወር የጠጣሁት ከችግሬ ጋር ምንም ግንኙነት ላልነበረው ነገር ነው።

ከዛ በኋላ ነው ስለ ዕፅዋትና ስለ ወንድ ዘር ማንበብ የጀመርኩት፣ በቁጭት ነው ያነበብኩት። ዕፅዋት በሙሉ ውሸት ናቸው የሚል መደምደሚያ እየጠበኩ ነበር፣ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። ዕፅዋት ይሰራሉ። አንዳንዶቹ በጣም ይሰራሉ፣ ችግሩም እዛ ጋር ነው ምክንያቱም ከሁሉም በላይ በእርግጠኝነት የሚሰሩት ዘርን የሚያጠፉት ናቸው።

የጥጥ ፍሬን ታሪክ ስሙ። በ1950ዎቹ ቻይና ውስጥ ባንዳንድ የገጠር መንደሮች ልጅ መወለድ ይቆማል። ምክንያቱ ሲፈለግ ሳይነጠር የሚበላ የጥጥ ፍሬ ዘይት ሆኖ ተገኘ፣ ውስጡ ጎሲፖል የሚባል ነገር አለ፣ የወንዱን ስፐርም ያጠፋዋል። ታዲያ ይሄ ነገር የወንድ የወሊድ መከላከያ ቢሆንስ ተብሎ በ1970ዎቹ ከ8000 በላይ ወንዶች ላይ ተሞከረ። ሰራ፣ አብዛኞቹ ላይ ስፐርም ወርዶ ወርዶ ጠፋ። ግን አንዳንዶቹ ደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሲየም አደገኛ በሆነ ሁኔታ ወረደባቸው፣ መድሃኒቱን ካቆሙ በኋላም ዘራቸው ሳይመለስ የቀረ ነበሩ፣ እና ነገሩ ተተወ። (ዛሬ የሚሸጠው የጥጥ ፍሬ ዘይት ሲነጠር ጎሲፖሉ ስለሚወጣ በሱ አትስጉ።) አስቡት፣ ከአንድ ተክል የወጣ፣ ማንም መርዝ ብሎ ያልጠረጠረው ዘይት። "ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም አያደርግህም" የተባልኩት እኔ ይሄን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀዘቀዝኩ።

አንድ ብቻም አይደለም። ትሪፕተሪጂየም የሚባል የቻይና ሀረግ አለ፣ ለመገጣጠሚያ በሽታ ይታዘዛል፣ በሽተኞቹን እየተከታተሉ ሲያዩ የሚወስዱት ወንዶች ስፐርም እየቀነሰ፣ እንቅስቃሴውም እየደከመ ሄደ። በ2021 ደሞ ከዚሁ ተክል የተገኘ ትሪፕቶናይድ የሚባል ውህድ አይጥና ጦጣ ላይ ተሞክሮ ለጊዜው መካን እንዳደረጋቸው፣ ሲቆም እንደተመለሰላቸው ወጣ። የፓፓያ ፍሬ (የሚበላው ሳይሆን ጥቁሩ ዘሩ) ጭማቂው ጦጣ ላይ ተሞክሮ ስፐርም ጭራሽ እስኪጠፋ አድርሷል። ኒም የሚባለው ዛፍም እንስሳ ላይ የመራቢያ አቅምን ይቀንሳል። ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ስር በ1999 በታተመ ትንሽ ጥናት ሰባት ጤነኛ ወንዶች ላይ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን አውርዷል፣ በኋላ የመጡ ጥናቶች ለውጡን ያን ያህል ትልቅ ሆኖ አላገኙትም፣ ግን ብዙ ሲወሰድ የደም ግፊት መጨመሩና ፖታሲየም ማውረዱ የታወቀ ነው። ካናቢስም (ማሪዋና) ተክል ነው፣ መድሃኒት ነው የሚሉትም ብዙ ናቸው፣ በ2015 ዴንማርክ ውስጥ 1215 ወጣቶች ላይ በተሰራ ጥናት በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያጨሱት የስፐርም መጠናቸው ከማያጨሱት በ28 ፐርሰንት ዝቅ ያለ ነበር። ዱቄት የሚሰጧችሁ ሰዎች ይሄን አይነግሯችሁም፣ አውቀው ደብቀው ሳይሆን እነሱም ስለማያውቁት።

አሁን ተስፋ ወዳለበት ልምጣ፣ አለ እኮ።

ብዙ የተወራለት አሽዋጋንዳ ነው፣ በአማርኛ ጊዜዋ የሚባለው ተክል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ስፐርማቸው አነስተኛ የሆነ 46 ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ የስሩን ጭማቂ በቀን 675 ሚሊግራም ለ90 ቀን ሰጠ፣ ለሌላው ምንም የሌለው ማስመሰያ። የወሰዱት በአማካይ ከ9.6 ሚሊዮን ወደ 25.6 ሚሊዮን ደረሱ። ትልቅ ለውጥ ነው፣ እኔ ራሴ ሳነበው ልቤ ዘሏል። ምክንያት ተብሎ የሚቀርበው በጭንቀት ጊዜ የሚጨምረውን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ስለሚቀንስና ስፐርሙን ከኦክሲደሽን (ሴልን ከሚጎዳ የኬሚካል ለውጥ) ስለሚከላከል ነው የሚል ነው። ግን ያስተውሉ፣ 46 ሰው ነው፣ ከነሱም የወሰዱት 21 ብቻ። በሌላ በኩል ደሞ ከ2020 ወዲህ አሽዋጋንዳ የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተጎድቶ አይናቸው ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል የገቡበት ሪፖርት ከአይስላንድም ከአሜሪካም ወጥቷል፣ ዴንማርክ በ2023 ጭራሽ ከልክላዋለች።

ሁለተኛው ጥቁር አዝሙድ ነው። በ2014 ኢራን ውስጥ 68 ልጅ ያልሆነላቸው ወንዶች ላይ ተሰራ፣ ግማሾቹ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በቀን 5 ሚሊሊትር ለሁለት ወር ወሰዱ፣ ቁጥሩም እንቅስቃሴውም ቅርጹም ተሻሻለ፣ ከባድ ጉዳት አልታየም። ካነበብኳቸው ሁሉ ይሄኛው ነው ትንሽ ልቤን የሚያሳርፈው። ዝንጅብል ደሞ በ2016 መቶ ወንዶች ላይ ለሶስት ወር ተሞክሮ ቁጥሩ ላይ ያን ያህል ለውጥ ባያሳይም ስፐርሙ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ መሰባበር ቀንሷል፣ ይሄ ነገር ቀላል አይደለም ምክንያቱም ስፐርም በቁጥር ብዙ ሆኖ ዲኤንኤው የተቆራረጠ ከሆነ ጽንሱ ቶሎ ሊቋረጥ ይችላል። የፔሩ ማካ (የሚበላ ስር ነው) ወሬው የተጀመረው ዘጠኝ ሰው ላይ ብቻ በተሰራና ማስመሰያ የሚወስድ ንጽጽር በሌለው ጥናት ነው፣ ከዛ በኋላ የመጡት ውጤታቸው አንዱ ወዲ አንዱ ወዲያ ነው። አብሽ በሰው ላይ ጥሩ ውጤት ያሳየ ትንሽ ጥናት አለው፣ ጥንቸል ላይ ግን ምግባቸው ውስጥ በብዛት ሲጨመር የዘር ፍሬያቸውን ጎድቷል፣ መጠን የሚባለው ነገር እዚ ጋር ይመጣል። ትሪቡለስ የሚባለው ተክል ጂም ቤት ሁሉ የሚወራለት ነው ግን በ2005 ወጣት ወንዶች ላይ ሲሞከር ቴስቶስትሮናቸውን ንቅንቅ አላደረገውም።

እና ምንድነው እነዚ ጥናቶች ላይ የሚያሳስበኝ? ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የስፐርም ቁጥር በራሱ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ነው። አንድ ወንድ ዛሬ 8 ሚሊዮን ወጥቶለት ከወር በኋላ ምንም ሳያደርግ 15 ሊወጣለት ይችላል፣ ትኩሳት ከነበረው ይወርዳል፣ ናሙናው ከመሰጠቱ በፊት ስንት ቀን ከግንኙነት እንደታቀበም ይለውጠዋል (ከ2 እስከ 7 ቀን ነው የሚባለው)። ለዛ ነው ሐኪሞች አንድ ውጤት አይተው የማይወስኑት፣ ደግመው ያሰሩናል። አሁን አስቡት፣ ሰው ወደ ዱቄት የሚሄደው መቼ ነው? ቁጥሩ በጣም ዝቅ ያለ ጊዜ ነው። ከዛ ቢጠጣም ባይጠጣም ቀጣዩ ውጤት ወደ ላይ የመሄድ እድሉ ሰፊ ነው፣ ምስጋናውን ግን ዱቄቱ ይወስዳል። "ስንቱን አባት አድርጓል" የሚባለው ከዚ ይመስለኛል የሚመነጨው፣ ጠጥተው ያልሆነላቸውማ ማን ቆጥሯቸው፣ እነሱ ዝም ብለው ወደ ሌላ ዱቄት ነው የሚሄዱት።

ሁለተኛው፣ ስፐርም መጨመርና ልጅ መወለድ አንድ አይደሉም። ዚንክና ፎሊክ አሲድ ለወንድ ይረዳል ተብሎ ለአመታት ተሽጧል፣ በትናንሽ ጥናቶችም ደህና ይመስል ነበር። ከዛ በ2020 አሜሪካ ውስጥ 2370 ጥንዶች ላይ ትልቅ ጥናት ወጣ፣ ወንዶቹ ለስድስት ወር ወሰዱ፣ ልጅ የወለዱት ከሚወስዱት 34 ፐርሰንት ከማይወስዱት 35 ፐርሰንት ሆኑ። ምንም ልዩነት የለም፣ እንዲያውም የወሰዱት ላይ የሆድ ህመም በዛ የዲኤንኤ መሰባበሩም ከፍ አለ። በዕፅዋት ላይ ይሄን ያህል ትልቅ ጥናት ተሰርቶ አላየሁም። ስለዚ በ46 እና በ68 ሰው ላይ የታየውን ተስፋ ተስፋ ብዬ ነው የምይዘው እንጂ መድሃኒት ብዬ አይደለም።

አንድ ሁሌ ልትይዙት የሚገባ ቁጥር ደሞ አለ፣ ሶስት ወር። ስፐርም ከመጀመሪያው ሴል ተነስቶ ጭራ እስኪያወጣ ከ64 እስከ 74 ቀን ይወስድበታል፣ ከዛ በረጅሙ ጠመዝማዛ ቱቦ እየተጓዘ መዋኘት ሲማር ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ገደማ። ዛሬ የምትወስዱት ወይም ዛሬ የምታቆሙት ነገር ውጤቱ የሚታየው ከሶስት ወር በኋላ ነው። "በአስር ቀን ዘርህን እጥፍ ያደርገዋል" የሚላችሁ ሰው የሰውነትን ስራ አያቅም። አስር ቀን ሳይሞላ ለውጥ ከተሰማችሁ ደሞ ሌላ ነገር ጠርጥሩ።

የምን ሌላ ነገር? እዚ ጋር በጣም ተጠንቀቁልኝ። የአሜሪካው የምግብና መድሃኒት ተቆጣጣሪ ከ2007 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ውስጥ የተደበቀ መድሃኒት ተገኝቶባቸው ያስጠነቀቀባቸው ሰፕሊመንቶች 776 ናቸው፣ ግማሽ ሊሞሉ ትንሽ የሚቀራቸው ለወንድ ወሲብ ይረዳሉ የሚባሉት ናቸው፣ ብዙዎቹ ውስጥ የነበረው ደሞ ሲልደናፊል፣ ማለትም ቫያግራ ነው። "ንጹህ ቅጠል" ተብሎ የታሸገ። የልብ ህመም ኖሮት ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ሳያውቅ ይሄን ቢደርብበት የደም ግፊቱ በአንዴ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ከዚ የባሰ ለኛ አይነቱ ሰው አደገኛ የሆነው ግን ቴስቶስትሮን ወይም ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ነው። ጉልበት ይጨምራል፣ ጡንቻ ያወጣል፣ ፍላጎት ያመጣል፣ ሰውየው "ሰራልኝ" ይላል፣ ውስጥ ግን አንጎል በደም ውስጥ በቂ ሆርሞን አለ ብሎ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፣ ስፐርሙም ይጠፋል። ቴስቶስትሮን እኮ የወንድ የወሊድ መከላከያ ሆኖ የተሞከረ ነገር ነው። ልጅ ፈልጎ የሚወጋውን ወንድ ሳስብ አንጀቴ ይበላል። ቢያቆመውም ለመመለስ ብዙ ወራት ይፈጃል። የእርሳስና የሜርኩሪ ነገርም አለ፣ በ2008 በታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ መድሃኒት) ምርቶች ከአምስቱ አንዱ ውስጥ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል፣ እርሳስ ደሞ ራሱ ስፐርም ይጎዳል።

ወሲብና ዘር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ልብ በሉ። አብዛኛው "ለወንድ" ተብሎ የሚሰጥ ቅጠል የሚነካው ፍላጎቱን ነው፣ ፍላጎቱ እሳት የሆነ ወንድ ስፐርሙ ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ምንም ችግር አልነበረብኝም፣ ለዛ ነው "እኔ ደህና ነኝ" ብዬ አንድ አመት ከአራት ወር የተቀመጥኩት።

ያለመመርመር ሌላው አደጋ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጊዜ መሄዱ ነው። ከ100 ወንድ አንዱ ፈሳሹ ውስጥ ስፐርም ጭራሽ የለውም። ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ከልጅነቱ ቱቦው ሳይፈጠርም ሊሆን ይችላል፣ ወይም ክላይንፌልተር የሚባለው፣ ከ600 ወንዶች አንዱ ገደማ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ ይወለዳል። የተዘጋ ቱቦ በጥቁር አዝሙድ አይከፈትም። ግን ለብዙዎቹ መፍትሄ አለ፣ ስፐርሙን ከፍሬው በመርፌ አውጥቶ ከሴቷ እንቁላል ጋር ማገናኘት ይቻላል፣ ለዛ ደሞ የሷ እድሜ ወሳኝ ነው፣ እኛ ዱቄት ስንቀያይር የሚያልፈው የሷ ጊዜ ነው። ደሞ መካንነት ያለባቸው ወንዶች ላይ የዘር ፍሬ ካንሰር ከሌላው ትንሽ በዝቶ ይታያል፣ ያ በእጅ የሚደረገው የአምስት ደቂቃ ምርመራ ህይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለ።

እኔ ትንሽ ቀዶ ጥገና ተሰራልኝ፣ ሲጋራውንም በዛው ተውኩ። በሶስተኛው ወር 14 ሚሊዮን፣ በስድስተኛው 21 ሚሊዮን ወጣልኝ፣ የሚንቀሳቀሰው 40 ደረሰ። ቀዶ ጥገናው ነው፣ ሲጋራው ነው፣ ዱቄቱን ማቆሜ ነው፣ ወይስ በራሱ ከፍ ብሎ ነው፣ ከላይ የጻፍኩትን ለራሴም ስለማምንበት ይሄ ነው ብዬ አልምልም። ባለቤቴ አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ይቅርታ ጠይቄያታለው፣ ለዛ ራጅ፣ ላስቀመጥኳት ጊዜ። "ብቻዬን የታመምኩ መስሎኝ ነበር" ነው ያለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም።

ቅጠል የሚወስድ ሰው ላይ አልፈርድም፣ ሰው የሚይዘው ሲያጣ የተሰጠውን ነው የሚይዘው። የምትወስዱት ነገር ካለ ስሙን እወቁ፣ የትኛው ክፍሉ እንደሆነ፣ ስሩ ነው ዘሩ ነው ቅጠሉ፣ ስንት እንደሆነ፣ እና ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ በተለይ የስኳር፣ የግፊት፣ የደም ማቅጠኛ ወይ የልብ መድሃኒት ካለባችሁ። ስሙ የማይታወቅ ከሆነ አትውሰዱት።

ወንድሜን በማግስቱ መልሼ ደወልኩለት። የዱቄቱን ስም እንደማላቀው ነገርኩት፣ ቫሪኮሲሉንም ነገርኩት፣ እሱ እስከዛሬ የሚያውቀው እኔ በዱቄቱ እንደዳንኩ ነበር፣ እኔ ነኝ ዝም ብዬ እንደዛ እንዲያስብ የተውኩት። ሚስቱ ሁለት ጊዜ ተመርምራለች፣ እሱ አንድም። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዛ "ስንት ቀን ነበር መታቀብ ያለብኝ?" አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ናሙና ይሰጣል፣ አብሬው እሄዳለው።